ደህና ነኝ ባዩ ሰዓት ሠሪ

ሴትዮዋ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ማኅተም» ይሏታል። ስትናደድ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ እንዴት አድርጋ እንደምታሳርፈው አንድ ቀን ያየ ሰው፣ ለምን እንዲህ እንደተባለች አይጠይቅም። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሰው አስቀየመ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። ሰዓቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ አምጥቶ «ዝም ብሎ በራሱ ቆመ» የሚለውን ደንበኛ እንኳን «ልክ ነህ፣ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ ይሸኘዋል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ስትኖር የሁለቱንም ድርሻ የምትቆጣው እሷ ናት።

የዛሬ ዓመት ገደማ የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ይደነዝዙ ጀመር፤ አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱና የመሐል ጣቱ። ሌላ ሰው ቢሆን እንደምንም ይኖራል። የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ብሎን በወረንጦ አንሥቶ ቦታዋ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን፣ ሦስቱ ጣቶች ከሄዱ ሱቁም ሄደ ማለት ነው። ሌላ ሙያ ደግሞ የለውም።

የማኅተም ታናሽ ወንድም የሆስፒታል ሾፌር ነው። በስንት ልመና፣ በስንት ደጅ ጥናት፣ ወረፋው የማይቀመስ አንድ የነርቭ ሐኪም ዘንድ አስገባለት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው በየወሩ ይሄዳል፣ ነጭ ክኒን ይዞ ይመለሳል።

«ምን አለህ?»

«ቀጥል አለኝ።»

«እጅህን አየው?»

«ጠየቀኝ።»

«መጠየቅና ማየት አንድ ነው እንዴ?»

«ሥራ ይበዛበታል እኮ፣ ምን ያርግ።»

ዘጠኝ ወር ሙሉ «ምን ያርግ» ተባለ። ብርጭቆ ከእጁ እያመለጠ ሲሰበር ምን ያርግ። የሸሚዙን ቁልፍ እሷ ስትቆልፍለት ምን ያርግ። ያንን ሐኪም አንድ ቀን እንኳን ሳታየው ጠላችው። መስኮቷ ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ እሱን እየመሰላት ማኅተሙን ታወርድበት ነበር። መጨረሻ ላይ ቱግ አለች፤ ሌላ ክሊኒክ ደውላ ራሷ ቀጠሮ ያዘችለት፤ «ሐኪም ትቀይራለህ፣ አለቀ» አለችው። «እሺ» አለ። እሱ መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል?

አዲሷ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ገና እንደገባ የእጁን አንጓ ይዛ ተጫነችው፣ አጠፈችው፣ ምርመራ አዘዘች። ነርቩ አንጓው ላይ ታፍኖ ኖሯል። ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፤ የኦፕራሲዮኑ ቀን እስኪደርስ ደግሞ ቢጫ እንክብል ሰጠችው። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላ ስትጠይቀው «የለም» አላት። ትቶት የመጣው ሐኪም እንዳለ መናገር አሳፍሮት ነው።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም፣ ግድግዳ እየያዘ ይሄድ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ከወንበሩ ወደቀ። ማኅተም ኮቱን ብትፈትሽ በአንዱ ኪስ ቢጫው፣ በሌላው ነጩ። ሁለቱንም ይዛ መድኃኒት ቤት ሄደች። ባለመድኃኒቷ ገልብጣ አየቻቸውና፣ «አንድ መድኃኒት ነው፣ የተለያየ ፋብሪካ የሠራው። እጥፍ ነው የሚውጡት» አለቻት።

እቤት ስትደርስ ደሟ ፈልቷል።

«የድሮው ሐኪም ዘንድ አሁንም ትሄዳለህ?»

«ቀጠሮ ሰጥቶኛል፤ መቅረት ነውር ነው።»

«እሺ ሄድክ፤ ክኒኑን ምን ብለህ ትውጠዋለህ?»

«ውጠሃል ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ልዋሸው?»

እንግዲህ ፍረዱ። ሴትዮዋ ከፖስታ ቤት ፈቃድ ወሰደችና በማግስቱ እጁን ይዛ እየጎተተች የድሮው ሐኪም ቢሮ ገባች። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው። ሐኪሙ የሕክምና ካርዱን ከመሳቢያ አወጣ። ከዚያ አዙሮ ፊቷ አስቀመጠው። አሥር ቀን፣ አሥር መስመር፤ በሁሉም ላይ «ታካሚው ተሽሎኛል ይላል» ተጽፏል።

«አልተሻለኝም ቢሉኝ ኖሮ በሁለተኛው ወር ለምርመራ እልካቸው ነበር» አለ።

ወደ ባሏ ዞረች። ጫማውን ያያል።

«ወንድምሽ ስንት ለምኖ ያስገባኝን ሰው» አላት ቀስ ብሎ፣ «መድኃኒትህ አልሠራም ብዬ እንዴት ላሳፍረው?»

ቆሽቷ አረረ። የምትጮህበት አጣች፤ ወንድሟን የላከችው ራሷ ነበረች። ግን ለሐኪሙም አልተኛችለትም። «እሱስ ይሉኝታ ይዞት ነው፤ እርስዎን ምን ያዘዎት? አሥር ጊዜ ሲመጣ አንድ ቀን እጁን ይዘው ቢያዩት ምን ነበረበት?» ሐኪሙ እስክሪብቶውን አነሣ። የካርዱን ግልባጭ ጽፎ ሰጣት። ሲወጡ ባሏ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር፣ በጣም ነው የረዱኝ» ሲል በቦርሳዋ ልትለው ለጥቂት ተረፈ።

ኦፕራሲዮኑ ተደረገ። ወጣቷ ሐኪም ነገሩን አልሸፋፈነችም። «ዘግይታችኋል። በስምንተኛው ሳምንት ስሜቱን እንፈትሻለን። ካልተመለሰ እንደገና ከፍቼ አየዋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ጣቶቹ እንደደነዘዙ ይቀራሉ፣ ምንም ማድረግ አልችልም።»

በስምንተኛው ሳምንት ማኅተም የክሊኒኩ ደረጃ ላይ አስቆመችው። «ስማኝ። እውነቱን ብቻ ትናገራለህ። ለሐኪሟ ብለህ አይደለም፣ ለኔም ብለህ አይደለም። ያንተ እጅ ነው።»

«እሺ» አለ።

ገቡ። ሐኪሟ እጁን ትራስ ላይ አስቀመጠችለት። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጣትዎን በመርፌ ጫፍ እነካዎታለሁ። ሲሰማዎት ተሰማኝ ይበሉ።» ጨፈነ። ማኅተም ከጎን ወንበር ላይ ሆና እጁን ታያለች።

«ተሰማኝ» አለ ባሏ ፈገግ ብሎ፣ «በደንብ ተሰማኝ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሐኪሟ መርፌውን ገና ከታሸገበት ወረቀት አላወጣችም ነበር።