ነብሩን ቀድማ ያየችው

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ስትጨርስ አባቷ ለሽልማት ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት። ብስክሌት ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን በሁለት እጆቿ የሆነ ነገር አሳየችው፤ እሱም ሳቀ። እኔ የምልክት ቋንቋ ስለማላውቅ እንደ ልማዴ «ምን አለች?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ነብር ማየት ነው የምፈልገው አለች። አጥር ውስጥ ያልሆነ ነብር።»

ልጄ ከተወለደች ጀምሮ የምትሰማው በጣም ትንሽ ነው። ሁለት ዓመት ሲሆናት ሐኪሞቹ ነገሩን፤ ሁለቱም ጆሮዎቿ ላይ የመስሚያ መሣሪያ አደረጉላት። ቤተሰቡ በሙሉ የምልክት ቋንቋ ቢማር ጥሩ ነው ብለውም መከሩን። ባለቤቴ የዚያኑ ሰሞን ተመዘገበ። ቀን ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ ይውልና በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ ጎረቤት ከተማ ኦሮራ ሄዶ ይማር ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ነኝ፤ ጊዜ የለኝም እል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እጇን ካስለመድናት አፏን ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም ሰው ዞር ብሎ ሲያያት አልወድም ነበር። ስለዚህ እኔ ከንፈር ማንበብ አስተማርኳት። ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ፣ ቃሉን እየጎተትኩ፣ «ው-ሃ»፣ «ዳ-ቦ» እያልኩ። ተማረችልኝም። አማርኛም እንግሊዝኛም ከከንፈሬ ታነባለች። ረጅም ወሬ የምታወራው ግን ከአባቷ ጋር ነው። ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ባለው ቤታችን እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ዕቃ ሳጥብ እነሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ይጫወታሉ። ለእኔ የሚደርሰኝ ሳቃቸው ብቻ ነበር።

በዚያ ሰመር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እናቴን ልንጠይቅ አዲስ አበባ ለመሄድ ቲኬት ቆርጠን ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ ኤርፖርት ያደረሰው አንድ አዛውንት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ደቡብ አፍሪካ ሳፋሪ ሄደው እንደነበር ነገረኝ። ቦታው ወባ የለበትም፤ ልጆችንም ይቀበላል። ከአዲስ አበባ ደግሞ ጥቂት ሰዓት በረራ ነው። ሃቫና ስትሪት ላይ ቲኬት የምትቆርጥልን ሴትዮ ወደ ጆሃንስበርግ ጨምሪልን ስንላት፣ ሥራ አግኝታችሁ ነው ወይ አለችን። ነብር ልናይ ነው ስንላት ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ አየችን። የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ምንም አልገረማቸውም፤ ከአንበሳና ከዝሆን ጋር ያደግኩ ይመስላቸዋል። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት። ዝሆን በዓይኔ ያየሁት ዴንቨር ዙ፣ የእንስሳት ማሳያው ውስጥ ነው።

ደቡብ አፍሪካ በሐምሌ ብርድ መሆኑን አላሰብንበትም ነበር። የዴንቨር ክረምት ያሳለፍን ሰዎች ወፍራም ጃኬቶቻችንን ቤት ትተን ሄደን ተንቀጠቀጥን። ጫካው ውስጥ ያረፍንበት ሎጅ ግን ለሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀን፤ ብርድ ልብስ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት፣ የልጆች ኮፍያ። ጣሪያቸው ሳር የሆነ ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ ዙሪያው ታጥሯል። ለልጆች ብቻ የተሠራ አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ የእንስሳት ዱካ በጀሶ ይቀርጻሉ። ልጄ ገና ሻንጣ ሳይወርድ እዚያ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያው ጉብኝት መኪናው ጋ ሄድን። ጣሪያና በር የሌለው፣ መቀመጫው እንደ ደረጃ ወደ ኋላ ከፍ እያለ የሚሄድ መኪና ነው። የሚነዳውና የሚያስጎበኘን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሰው ነበር። ከፊት፣ ከሞተሩ በላይ በተገጠመች ወንበር ላይ ደግሞ ጸጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዱካ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።

አስጎብኚው የልጄን የመስሚያ መሣሪያ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኃላፊነቱ አስጨንቆት ነው።

«መኪናው ክፍት ነው» አለ። «አትንቀሳቀሱ ስል ያኔውኑ መሆን አለበት። ልጅቷ ካልሰማችኝ ምን አደርጋለሁ?»

እኔ ቀድሜ መለስኩ። ከንፈሬን እንደምታነብ፣ እሱ ያለውን ሁሉ እኔ እንደምነግራት አስረዳሁት። አልተዋጠለትም። ለዛሬ ከልጆች ተንከባካቢዋ ጋር ሎጁ ውስጥ ብትቆይ፣ ነገ ከኃላፊው ጋር ተነጋግሮ እንደሚወስን ነገረን። ዋና ስትመዘገብም፣ ጂምናስቲክ ስትጀምርም የሰማሁት ንግግር ነው። ልጄ የእሱንና የእኔን ፊት እያፈራረቀች ታይ ነበር። ማንም ምንም ሳይነግራት ገብቷታል። ከንፈሯን ነክሳ ወደ መሬት አየች።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሱ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። አስጎብኚው ቆም አለና ሳቀ፤ ከዚያ ለእኛ ተረጎመልን።

«‹አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ዱካ ላይ ሆኜ አንድ ቃል ተናግሬህ አውቃለሁ?› ነው የሚሉኝ።»

ለካ ዱካ አንባቢ ጫካ ውስጥ አይናገርም። አውሬው ይሰማል፤ ይሸሻል ወይም ይቆጣል። ሁሉ ነገር በእጅ ነው። ሽማግሌው ወርደው ልጄ ፊት ቆሙና ጡጫቸውን ወደ ላይ ከፍ አደረጉ፦ ቁሙ። መዳፋቸውን ወደ መሬት ተጫኑ፦ ዝም በሉ፣ ተቀመጡ። ሁለት ጣት ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፦ አየሁ። ልጄ አንድ ጊዜ ብቻ አይታ ሁሉንም ደገመችላቸው። ከዚያ በተራዋ ከአፍንጫዋ ጀምራ ኩምቢ ሳለችላቸው። ሽማግሌው ሳቁና መልሰው አደረጉት። እጇን እንደ ጥፍር አጥፋ በራሷ ላይ ጋማ ስታሳያቸው አንበሳ መሆኑን ወዲያው አወቁ። ነብርን ስታሳያቸው ክንዷ ላይ በጣቶቿ ነጠብጣብ አደረገች። እሳቸውም ክንዳቸው ላይ ነጠብጣብ አደረጉ። አስጎብኚው ሁለቱን ሲያይ ቆየና «ትምጣ» አለ።

አንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ዝሆኖች አገኘን፤ እናቶች ከነግልገሎቻቸው። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ወደ ኋላ ዞሬ፣ ቤት እንደለመድኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዝ-ሆ-ን! ትንሿን አየሻት? ግ-ል-ገ-ል!» ማለት ጀመርኩ። አንዷ እናት ጆሮዎቿን ዘርግታ ወደ እኛ ዞረች። ሽማግሌው ወደ ኋላ ሳያዩ ጡጫቸውን አነሡ። ልጄ እንደ ድንጋይ ደርቃ ቀረች። ባለቤቴም እንዲሁ። እኔ ገና እያወራሁ ነበር።

አስጎብኚው ቀስ ብሎ ዞረና «ልጅዎ ገብቷታል» አለኝ። «እባክዎ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ።»

ዝሆኗ ለጥቂት ጊዜ አፍጥጣ አየችንና ግልገሏን ይዛ ሄደች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ቀረሁ። ያቺ ታስቸግራለች የተባለችው ልጅ ከሁላችንም የተሻለች ተጓዥ ሆና ተገኘች፤ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ቀን ሙሉ አፌን ዘጋሁ። ሌሎቹ ግን በእጃቸው ሲያወሩ ነው የዋሉት። ሽማግሌው ከፊት ወንበራቸው ሆነው እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ልጄ ከኋላ ታያለች፤ ለአባቷ ትነግረዋለች፤ ተራዋን ጠብቃ ለሽማግሌው ትመልሳለች። መኪና ቆሞ ሻይ ስንጠጣ ሽማግሌው አሸዋው ላይ ተንበርክከው፣ አዲስ ዱካ ጠርዙ ስለት እንዳለው፣ የቆየው ግን እንደሚሸራረፍ አሳዩዋት። አንድ የጋራ ቃል የሌላቸው ሁለት ሰዎች አልተቸገሩም። እኔ ሎጅ ስንገባ ባለቤቴን «ምን አለች? እሳቸውስ ምን አሏት?» እያልኩ ስጠይቅ አመሸሁ። በመጨረሻ ቁጣ በሌለበት ድምፅ «ለምን ራስሽ አትጠይቂያትም?» አለኝ። ቋንቋዋን የማያውቁ የሩቅ አገር ሽማግሌ በሁለት ቀን ውስጥ ከእኔ የበለጠ ልጄን አነጋግረዋታል።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ መንገዱን አቋርጦ የሄደ የነብር ዱካ ተገኘ። ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ወረዱና ዱካውን እየተከተሉ በእግር ቀደሙን። አስጎብኚው ሞተር አጥፍቶ የመገናኛ ራዲዮውን አፉ አጠገብ ይዞ፣ ወደ ግራ እያየ፣ ከሌላ መኪና ጋር በሹክሹክታ ይነጋገር ነበር። ልጄ ከፍ ባለው የመጨረሻ መቀመጫ ላይ ናት። እኔ ከፊቷ ነኝ። ብርድ ልብሷን ላስተካክል ዞር ስል ጡጫዋን ወደ ላይ አንሥታ አየኋት። ዓይኗ የተተከለው ሽማግሌው ላይ ሳይሆን ከእሳቸው በላይ ባለ ትልቅ ዛፍ ላይ ነው። ወደዚያ ሳይ ምንም አልታየኝም። ትንሽ ቆይቼ ግን አየሁት። ቅርንጫፉ ላይ ተጋድሞ፣ ጅራቱ ተንጠልጥሎ፣ ከጎኑ የገደለው ሚዳቋ ተሰክቶ። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ወደ ዛፉ ሥር እየሄዱ ነው።

አፌን ከፈትኩ። ልጄ በሌላ እጇ መዳፏን ወደ መሬት ተጫነችልኝ። ዝም በይ።

ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ዝምታ የለም።

ሽማግሌው ሁለት እርምጃ ሄዱ። አንድ ጨመሩ። ከዚያ ልማዳቸው ነውና ወደ መኪናው ዞር ሲሉ ጡጫዋን አዩ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጄ ክንዷ ላይ ነጠብጣብ አደረገች፤ በጣቷም ወደ ላይ፣ ከቀኛቸው በኩል አመለከተች። ራሳቸውን አላዞሩም፤ ዓይናቸውን ብቻ አነሡ። ከዚያ ጀርባቸውን ለነብሩ ሳይሰጡ፣ አንድ በአንድ፣ እግራቸውን እየመረጡ ወደ ኋላ መጡ። አስጎብኚውም ይህን ጊዜ አየ፤ ራዲዮው እጁ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ነብሩ አየን፣ መዳፉን ላሰ፣ እንደገና ጋደም አለ።

ሽማግሌው መኪናው ጋ እንደደረሱ ወደ ወንበራቸው አልሄዱም። ወደ ኋላ ዞረው የልጄን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። አስጎብኚው ንግግራቸውን ተረጎመልን። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ከእሳቸው ቀድሞ ነብር ያየ እንግዳ የለም። አንድ ሰው ጮሆ ቢሆን ደግሞ ነብሩ ደንግጦ ይዘል ነበር፤ የሚያርፈውም እሳቸው ላይ ነው። «እኔም አላየሁትም ነበር» አለ ስለራሱ።

ልጄ ለአባቷ በእጇ ረዘም ያለ ነገር ነገረችው። እሱ እየሳቀ እንባውን ጠረገ።

«የፈራሁት ነብሩን አይደለም፤ እማዬ እንዳትጮህ ነው አለች።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ፊት ለፊቷ ዞሬ በከንፈሬ «አስተምሪኝ» አልኳት። መጀመሪያ በትክክል ያነበበችው አልመሰላትም፤ ወደ አባቷ አየች። እሱ ራሱን ሲነቀንቅላት ቀኝ እጄን ያዘችና ጣቶቼን አንድ በአንድ አስተካክላ ክንዴ ላይ አስቀመጠቻቸው።

የዚያን ቀን ምሳ ላይ ወሬው ሎጁን አዳርሶ ነበር። ምግብ ቤት ስንገባ ማብሰያ ቤት ያሉት ሁሉ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወጡ፤ ሊያጨበጭቡም ተዘጋጁ። ባለቤቴ መስማት ለተሳነው ሰው የሚጨበጨበው ሁለት እጅ ወደ ላይ አንሥቶ በማርገብገብ ነው ብሎ አሳያቸው። አስተናጋጆቹ፣ እንግዶቹ፣ አስጎብኚው፣ እጃቸው ከሁሉም የሚረዝመው ሽማግሌውም፣ ሁሉም እጃቸውን አንሥተው አረገበገቡ። አንድ ድምፅ የለም። ልጄ በሩ ላይ ቆማ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ያንን ሁሉ እጅ እስኪበቃት አየች። እኔም እጆቼን አነሣሁ።

ዴንቨር በተመለስን በሳምንቱ ኦሮራ ሄጄ ተመዘገብኩ። ከክፍሉ ውስጥ እጇ የማይታዘዛት እኔ ነበርኩ። ልጄ ቤት ውስጥ ጣቴን ስታርም ትዕግሥቷ ከእኔ ይበልጣል። ገና ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች በአዳራሹ ውስጥ በየተራ አንድ ነገር እንዲያቀርቡ ሲጠየቁ እሷ ነብሩን እናገራለሁ አለች። መድረኩ ላይ ወጥታ በእጇ ተናገረች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ በማይክሮፎን ወደ አማርኛ መለስኩት። ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳትኩ፤ ሁለቴም አቁማ ደገመችልኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያት ነበር። ይዩአት አልኩ በልቤ።

ፕሮግራሙ አልቆ ወንበር ስናነሣ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ መጣች። በደንብ አላውቃትም፤ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው። ሕፃኗ የመስማት ምርመራ አላለፈችም፤ እናትየው ይህን ከባሏ በስተቀር ለማንም አልተናገረችም። የት እንደተማርኩ ስትጠይቀኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን ነገርኳት፤ መኪና እንደሌላቸው ስትነግረኝ በየሳምንቱ እኔ እንደምወስዳቸው ቃል ገባሁ። የመጀመሪያውን ትምህርት ግን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ልጄ ሰጠቻቸው፤ ጡጫ ጨበጥ ፈታ፣ ጨበጥ ፈታ፣ ላም እንደማለብ። ወተት ማለት ነው።

በፋሲካ ማግስት የሕፃኗ ወላጆች ስልኬ ላይ አጭር ቪዲዮ ላኩልኝ። ሕፃኗ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እናቷን እያየች ያቺን ትንሽ ጡጫዋን ትጨብጥና ትፈታለች፤ ጡጦው እስኪመጣ ድረስም አላቆመችም።