ስለ ቆርቆሮ ቆፋሪዎች ያስተማርኩ ጊዜ

ከሚሴ ከተማ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እየሠሩ የሚማሩ አዋቂዎችን አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ክፍሉን ሲያፍነው እነሱም ይዝላሉ፣ እኔም እዝላለሁ፤ ከማስታወሻዬ እያነበብኩ የማስጽፍበት ቀን ይበዛል።

አንድ እሁድ ስለ ደቡብ አሜሪካ ሳስጽፍ ከቦሊቪያ ተራሮች ቆርቆሮ እንደሚወጣ ተናገርኩ። አንዲት ነጋዴ ጣሪያ ከመሬት ይወጣል እንዴ ብላ ጠየቀች። የቤታችን ክዳን ብረት መሆኑን፣ ይህኛው ግን ራዲዮና ስልክ ጠጋኞች እያቀለጡ ሽቦ የሚያያይዙበት ለስላሳ ማዕድን መሆኑን አስረዳሁ። ከዚያ ማስታወሻው ላይ ያልነበረ ነገር ጨመርኩ፤ ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ የድንጋይ ብናኝ ሲምጉ ኖረው ሳንባቸው እየደረቀ ሳያረጁ ይሞታሉ አልኩ።

ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ተማሪ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሰንበቴ ገበያ ፍየል ይነግዳል። ሁልጊዜ ሲያስል እሰማዋለሁ፤ ጉንፋን ነው ብዬ ልብ አላልኩትም ነበር። ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ቀረ። ወደዚህ ከመውረዱ በፊት ደጋ ላይ ዘጠኝ ዓመት ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ እንደቆፈረ፣ ታናሽ ወንድሙም ዛሬ ድረስ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንደሚሠራ ነገረኝ።

«መምህር፣ የዚያ አገር ሰዎች በምን ዳኑ?» አለኝ።

አጣርቼ እነግርሃለሁ አልኩት። ሳምንቱን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ሐኪም ጎረቤቴንም ጠየቅሁ። ይመርመር፣ በሽታው ያ ከሆነ ግን የደረቀው ሳንባ አይመለስም አለኝ። ይህን ይዞ ክፍል መግባት ከበደኝ። ቅዳሜን ዓይኑን እየሸሸሁ አሳለፍኩ፤ እሁድ ነገርኩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ እኔስ ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ለወንድሜ ጻፉልኝ። እኔ ስነግረው ፈሪ ይለኛል።»

ስለ ቦሊቪያ ቆፋሪዎች አንድ ገጽ ጻፍኩለት። ይዞ ደጋ ወጣ። ወንድሙ ሁለት ጊዜ አንብቦት «ቦሊቪያ ሩቅ ናት» ብሎ አጥፎ መለሰለት። እሱም ሸሚዙን ፈትቶ የወንድሙን ጆሮ ደረቱ ላይ አስደገፈው። ትንፋሼ እንዴት እንደሚያፏጭ ይስማ ብዬ ነው አለኝ።

ወንድሙ ጉድጓዱን ትቶ ወረደ። ተማሪዬም ደሴ ሄዶ ራጅ ተነሣ፤ የፈራነው በሽታ ተገኘበት። ትምህርቱን ግን አላቋረጠም። ለምን ትደክማለህ ልለው እያሰብኩ ሳልለው ቀረሁ።

ፈተናውን አለፈ። ውጤቱን ሊያይ የመጣ ቀን ወደ ቢሮ የሚወስደውን ደረጃ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ቆሞ ተነፈሰ። እኔም በቆመበት እየቆምኩ አብሬው ወጣሁ።