የታጠበ እጅ

ሜሮን ዳቦውን ልትቆርስ ስትነሣ እኔ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ነበርኩ። እናቷ፣ ልጄ ሰናይት፣ ምድጃው ፊት ቆማ ወጥ ታሞቃለች። የፎቅ ጎረቤታችን አቶ ግርማ ሶፋው ጫፍ ላይ ናቸው። ወዳጃችን ወይዘሮ አስካለ ከላንግሊ ፓርክ አውቶቡስ ቀይረው መጥተው ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ሜሮን ቢላዋ ይዛ መሃላችን ቆማለች። ባለፈው እሑድ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰናይት ቤት።

የልጅ ልጄ ሜሮን የባሕር ወፎች ታጠናለች። በማግስቱ ወደ ሰሜን ዋልታ ልትሄድ ስለነበር ልንሸኛት ነው የተሰበሰብነው። ዳቦውን ራሷ ጋግራ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ ከምትኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ድረስ መኪናዋ ውስጥ ከጎኗ ወንበር ላይ አስቀምጣ አመጣችው። የመጀመሪያዋ ነው። አንድ ጎኑ ትንሽ አርሮ ነበር።

አቶ ግርማ ዳቦውን ከመባረካቸው በፊት ስልኳን አዙራ ሥራዋን አሳየችን። ባሕር ዳር ሞታ የተገኘች ግራጫ ወፍ፣ የተከፈተ ሆድ፣ ከጎኑ በሳህን የተለቀመ ቀለም ቀለም ያለው ፍርፋሪ።

«ፕላስቲክ ነው» አለች። «ምግብ መስሏት ትውጠዋለች፤ ከዚያ አፍ ለአፍ ጫጩቷን ፊድ ታደርጋታለች። ሰው እኮ እዚያ የለም አያቴ፣ በረዶ ብቻ ነው። ቆሻሻችን ግን ደርሷል።»

«ለቆሻሻማ ምን ያን ያህል አስኬደሽ?» አሉ አቶ ግርማ። «የኛ ሕንፃ የቆሻሻ ዳምፕስተር አጠገብ ብትቆሚ አይበቃም?»

ሁላችንም ሳቅን፤ ወይዘሮ አስካለ ግን አልሳቁም።

«አንቺው ነሽ የከፈትሻት? በእጅሽ?»

«አዎ፣ እትዬ አስካለ። በጓንት ነው።»

ዳቦው ተባረከ። ሜሮን ቆርሳ መጀመሪያ ለወይዘሮ አስካለ ዘረጋች።

«ለኔ ተይው የኔ ልጅ፤ ጠግቤያለሁ።»

ገና ማንም ምንም አልቀመሰም ነበር።

ሳይታረድ የሞተ እንስሳ እኛ ዘንድ በክት ነው። አይበላም፤ እሱን የነካ እጅም ምግብ ሲያቀርብ የሚጸየፍ አለ። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም።

ልጅ ሆኜ ናዝሬት ከተማ ተማሪ ነበርኩ። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ገና አቧራ ያልጀመረበት ወቅት ነው። የባዮሎጂ አስተማሪያችን የኤሌክትሪክ ሽቦ የገደላት እርግብ አምጥተው «ማን ይከፍታታል?» አሉ። ወንዶቹ ወደኋላ ሲሉ እኔ እጄን አወጣሁ። ሆዷ ውስጥ ስንዴ፣ ጠጠርና አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘሁ። አስተማሪው ቁልፏን አጥበው ሰጡኝ። እቤት እስክደርስ ጭብጤን አልፈታሁም።

ያን ቀን እናቴ የማርያም ማኅበር ተረኛ ነበረች። ግቢው ጠላና በርበሬ ይሸታል። እንግዶቹን የማስታጥበው እኔ ነበርኩ፤ በአንድ እጄ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳህኑን ይዤ። ደስታዬ አላስችል ብሎኝ እያስታጠብኩ ስለ እርግቧ አወራሁ።

ከማኅበርተኞቹ ትልቋ እማማ ወርቄ እጃቸውን ከውኃው ሥር ሳቡ።

«ምን ነካሁ አልሽኝ?»

ሌሎቹም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። እናቴ መጥታ ማንቆርቆሪያውን ተቀበለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«እጅሽን ታጠቢ» አለች፣ ሁሉም እየሰማ።

ጓሮ ሄጄ በእንዶድ ታጠብኩ፤ ደጋግሜ ታጠብኩ። ወጡ ሲወጣ፣ ሲበላ፣ ሲመረቅ ከግድግዳው ወዲያ እሰማ ነበር። የጠራኝ የለም። ቁልፏን የት እንደጣልኳት አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ባዮሎጂ ክፍል እጄን አላወጣሁም፤ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስም ሌላ ነገር ነበር የማስበው። እናቴን ክፉ ሴት አልላትም። እንግዶቿ ጾማቸውን እንዳይሄዱባት ነው የፈራችው። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መልሶ እጁን ቢዘረጋልኝ ኖሮ እያልኩ ብዙ ዘመን አስቤያለሁ።

እሑድ ዕለት ያ ሰው መሆን የኔ ተራ ነበር። አቶ ግርማ ዳቧቸውን ተቀብለው ሳይቀምሱ መዳፋቸው ላይ ይዘውታል። ሰናይት ማማሰያዋን ይዛ ወደ እኔ ታያለች። ትልቋ እኔ ነኝ፤ እኔ ከበላሁ ሌላውም ይበላል። ሜሮን ሳህኑን ይዛ ፊቴ መጣች። ወይዘሮ አስካለ እንዲሰሙልኝ፣ ልባቸውን እንዲያሳርፉ ብዬ ነበር አፌን የከፈትኩት።

«እጅሽን ታጥበሻል አይደል?»

የወጣው የእናቴ ድምፅ ነበር።

«የስ፣ አያቴ» አለች ቀስ ብላ። «ታጥቤያለሁ።»

ቶሎ ብዬ ቆርሼ ጎረስኩ። ጣፋጭ ነው አልኩ። ያረረው ጎን ነበር የደረሰኝ፤ እሱንም በላሁት። አቶ ግርማም በሉ። ሜሮን ግን ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ካፖርቷን አነሣች። ነገ በጠዋት ነው በረራዬ አለች። እያንዳንዳችንን ተሰናበተች፤ እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ፣ ሁለቱንም እጆቿን ኪሷ ውስጥ እንዳደረገች፣ ጉንጬን ሳመችኝ። በሩን በክንዷ ገፋ አድርጋ ወጣች።