ይበል ሕዝብ

ወርቄን ተቀምጣ ያየኋት ስትታመም ብቻ ነው። ደባርቅ ገበያ ሰልቫጅ ጃኬት ትሸጣለች። ሌላው ነጋዴ ዱካ ላይ ተጎልቶ ደንበኛ ሲጠብቅ፣ እሷ ከክምሯ ፊት ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደች፣ «ብርዱ መጣላችሁ! ኧረ ልበሱ! ኋላ ወርቄ አልነገረችንም እንዳትሉ!» እያለች ትጮኻለች፤ ድምጿ ከብት ተራ ድረስ ይሰማል። ዳባት ስትወርድም ያው ናት፤ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሳይወርድ በመስኮት መሸጥ ትጀምራለች። ወደ ጨነቅ ጓዝ ከሚጭኑት በቅሎ ነጂዎች እሷ ያላለበሰችው የለም። አንድ ግቢ አብሬያት ስለምኖር ደግሞ የቤቷንም አውቃለሁ። ስትጠርግ የሰማ ሰው ከመጥረጊያው ጋር የተጣላች ይመስለዋል።

አጥቢያችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ቡይት ራስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የላይ አምባ ኪዳነ ምሕረት ናት። እዚያ እኛ ሴቶች ስናስቀድስ የኖርነው አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ነው። ቄሱ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ» ብለው የሚመልሱት ዲያቆናቱና ደብተራዎቹ ነበሩ። እኛ እንሰግዳለን፣ እንሳለማለን፣ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

ዲያቆን ፍቅረ ሥላሴ ጎንደር ተምሮ ሲመለስ ይህ አላስተኛ አለው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጽሐፈ ቅዳሴውን ከፍቶ በጣቱ እያሳየ፣ «እዚህ ላይ ‹ይበል ሕዝብ› ይላል። ይበሉ ዲያቆናት አይልም። ለመሆኑ ሴት ሕዝብ አይደለችም?» አለ። ግማሹ ሰው ሳቀ፤ ግማሹ ፊቱን አጠቆረ። ልጁ ግን የዋዛ አልነበረም፤ በየማታው ተሰጥኦ ማስተማር ጀመረ። ተሰጥኦ ማለት ይኸው ሕዝብ ለካህኑ የሚመልሰው ነው።

እንደ ወርቄ የጨከነበት የለም። ዜማውን በስልኳ አስቀድታ፣ ስልኩን ደረቷ ውስጥ ከታ፣ ገበያ መሐል ጃኬት እያጣጠፈች ለቀመችው። ከዚያ አንድ ቀን በቅዳሴ ላይ፣ ማንም ሳያስበው፣ በዚያ «ብርዱ መጣላችሁ» በምትልበት ድምፅ «ምስለ መንፈስከ» ብላ መለሰች። አንድ ደብተራ መቋሚያውን አስደግፎ ዞሮ አየ። እኛም ከኋላዋ ተከተልን። እሷ ካለች የምንስት አይመስለንም ነበር። እውነቴን ነው፣ በዕድሜዬ ሙሉ ከቆምኩበት ቅዳሴ ውስጥ የገባሁት ያን ዕለት ነው።

አጥቢያው ለሁለት ተከፈለ። ወጣቱና አስተማሪው «እሰይ» አለ። ሽማግሌውና አብዛኛው ካህን «ገበያዋን ይዛብን መጣች» አለ። የእነዚህ አውራ አባ መልከ ጼዴቅ ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

«እኛ ይህን ዜማ ለመማር ጉልበታችንን ጨርሰናል፤ እሷ ከስልክ ለቀመችው» ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «እናቴ ዕድሜ ልኳን ዝም ብላ ቆማ አስቀድሳለች። አልጸለየችም ልትሉኝ ነው?» ይላሉ። 

የቸገረው ነገር፣ አባ መልከ ጼዴቅ የወርቄ የንስሐ አባት ናቸው። ልጆቿን ያጠመቁላት እሳቸው ናቸው። መንገድ ተዘግቶ፣ ከተማው በተኩስ ሲታመስ፣ ባሏ ሞቶባት ቀባሪ ስታጣ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው ሬሳውን የፈቱላትና ያስቀበሩላት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሰው አባን ሲያማ ወርቄ ብድግ ብላ ትሄዳለች።

ጭቅጭቁ ሲበዛ ሰበካ ጉባኤው አንድ ነገር ቆረጠ። ለደብረ ዘይት እሑድ ተሰጥኦውን ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር እስከ መጨረሻው ይመልሱ፤ ምእመኑ ይስማ፤ ከቅዳሴ በኋላ ይቀጥል ወይም ይቅር ተብሎ ይወሰን ተባለ። ወርቄ ከዚያ ወዲያ እንኳን መቀመጥ መቆምም አቃታት። ውኃ ስትቀዳ «ርቱዕ ይደሉ»፣ ሽንኩርት ስትከትፍ «ርቱዕ ይደሉ»። የግቢው ሕፃናት ሳይቀሩ ያዙት።

ጾም ሊገባ ሲል ለንስሐ ወደ አባ ሄደች። ይህን የነገረችኝ ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው።

«አባቴ፣ ኃጢአቴ አፌ ነው» አለቻቸው። ገበያ ላይ ጎን ለጎን ከምትሸጠው ከሩመይሳ ጋር በሸራ ጥላ ተጣልተው፣ ወርቄ የሩመይሳን የሞተች እናት አንስታ ሰድባ ነበር። ኋላ ራሷ ሄዳ ይቅርታ ጠይቃታለች፤ ሩመይሳም አልቅሳ ይቅር ብላታለች፤ ሻይ አብረው ጠጥተዋል። ወርቄ ግን ከልቧ አልወጣላትም። እንደ ወትሮው ስግደት ያዙኛል ብላ ጠበቀች።

 አባ ግን፣ «ኃጢአትሽ ከአፍሽ ከሆነ አፍሽ ይጹም» አሉ። «ቀኖናሽ ይህ ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅሽ እንዳይሰማ። አሜን እንኳ ቢሆን በልብሽ።»

«አባቴ፣ ደብረ ዘይት እኮ…»

«አውቃለሁ።»

«ስግደቱን የፈለጉትን ያህል ይጫኑብኝ። ከደብረ ዘይት ወዲያ ደግሞ ዓመት ሙሉ ዝም በይ ይበሉኝ።»

«ቀኖና እንደ ጃኬት እየለኩ ይመርጡታል እንዴ?» አሉ አባ።

ወርቄ እጃቸውን ስማ ወጣች። የንስሐ ነገር ለሰው አይነገርም፤ ለእኔም፣ ለዲያቆኑም አልተነፈሰችም። እኛ ምን እናውቃለን፤ ለደብረ ዘይት ነጠላችንን እያጠብን ነበር።

ዕለቱ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። የሚቀድሱት ራሳቸው አባ መልከ ጼዴቅ ነበሩ። «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ ሁላችንም ወርቄን ጠበቅን። የለችም። ማለቴ፣ አጠገቤ ቆማለች፤ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳለች። በክርኔ ጎሰምኳት። አንዷ ከላይ ጀመረች፣ ሌላዋ ከታች፣ እኔ መሐል ላይ ተሰበርኩ። ከወንዶች በኩል የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። በሚቀጥለው ድምፃችን አነሰ፣ በሚቀጥለው ጠፋ። «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል የመለሰው አንድ ቀጭን ዲያቆን ብቻ ነበር። ወርቄን ቀና ብዬ ሳይ እንባዋ በነጠላው ላይ ይወርዳል። አዘንኩላት እንዳልል በጣም ተናድጄባት ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ክርክር እንኳ አላስፈለገውም። አንድ ሽማግሌ፣ «ሰምታችኋል» አሉና ቁጭ አሉ። እንደ ድሮው ዲያቆናቱ ይመልሱ ተባለ።

ዲያቆን ፍቅረ ሥላሴ በሩ ላይ ጠብቆ ያዛት። ዓይኑ ቀልቷል። «እትዬ ወርቄ፣ ምን በደልንሽ? ፈርተሽ ነው ወይስ እሳቸው አባብለውሽ?»

«ተወኝ፣ ልጄ» አለችው።

«ይህን ሁሉ ሴት አሰለፍሽና ጣልሻቸው!»

እሷ መንገዱን ጀምራለች። እሱ የተናገረው ሁሉ ጀርባዋ ላይ ነው ያረፈው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጾም እንዴት እንደገፋችው እግዜር ይወቀው። በየእሑዱ ትመጣለች፣ ነጠላዋን ትነክሳለች፣ ትሄዳለች። ሴቶቹ ሰላምታ ነሷት። አባ ገዟት ተባለ፤ አንዷማ አዲስ ጋቢ አይቼባታለሁ አለች፤ ጋቢው የእኔ ነበር። ወርቄ አውቶቡስ ትታ ለገበያ ድብ ባሕር ድረስ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ያጣጠፈችውን ጃኬት መልሳ ትዘረጋለች። ገበያ ላይ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች፤ ሩመይሳ እንኳ መሯት፣ «አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል? እኔ ይቅር ካልሁሽ ቆየሁ፤ ማንን ነው እንዲህ የምትጣሪው?» አለቻት። ወርቄ አፏን ያዘች፤ ያን ቀን ሳትሸጥ ገባች።

ዳግማይ ትንሣኤ በዋለ በማግስቱ አባ ቤት ሄደች። ከደጃቸው ካለው መደብ ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው። ባለቤታቸው ወዲያ ማዶ ምስር ይለቅማሉ።

«ፈጸምሽ?» አሉ አባ በዝግታ።

«ፈጸምሁ፣ አባቴ።»

ሊፈቷት መስቀላቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ።

«ይቆዩ» አለች ወርቄ። «እንዲህ ሆኜ አይፍቱኝ። አፌን ዘጋሁ እንጂ አልጾምሁም። በየእሑዱ እዚያ ቆሜ እርስዎን ስረግም ነው የከረምሁት። ‹ሰላም ለኵልክሙ› ሲሉኝ በልቤ የምመልስልዎት እርግማን ነበር። ከእንግዲህ ምን እንደምሆን አላውቅም።»

 ባለቤታቸው መልቀማቸውን አቆሙ። ወርቄ፣ «አሁን ያባርሩኛል ብዬ ነበር» ትላለች።

«ሩመይሳን አላሰብኋትም» አሉ አባ። «ያን ዕለት ኃጢአቴ አፌ ነው ስትይኝ የመጣብኝ ደብረ ዘይት ነው። እግዜር በእጄ ሰጠኝ አልሁ። ኃጢአትሽን የቀጣሁ መስዬ ድምፅሽን ቀጣሁት።» መስቀሉን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «በዜማው ነገር ቃሌ አሁንም ቃሌ ነው፤ አላጥፍም። ንስሐሽን ግን ለጠብ ተጠቀምሁበት። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

እንዲህ ሲባል የሚመለሰው ይታወቃል፤ እግዜር ይቅር ይበልዎ ነው። ወርቄም እሱን ልትል ነበር። ያን ሁሉ ሰንበት ታፍኖ ከከረመው አፍ የወጣው ግን ካህን ብቻ የሚለው ቃል ሆነ።

«እግዚአብሔር ይፍታዎት።»

ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ባለቤታቸው፣ «ወይ እመቤቴ!» አሉ። ወርቄ መሬቱን እያየች ቁጣቸውን ጠበቀች።

 አባ መልከ ጼዴቅ ጥምጣማቸውን አወለቁ፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላትና «አሜን» አሉ።