የሉባባን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለወንድሜም አልነገርኩትም። ስንት ረመዳን አለፈ፣ ልናገር አፌን እከፍትና ሌላ ወሬ አወራለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ መንገድ ላይ ብታገኙኝ ፊታችሁን አታዞሩብኝም። ስለዚህ ለእናንተ መናገሩ ቀለለኝ። እንዲህ ዓይነት ፈሪ ነኝ።

መካነ ሰላም ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ቀበሌው ገበሬውን አንድ ለአምስት እያደራጀ በየጊዜው ስብሰባ በሚጠራበት ዘመን ነው። ሥራዬ ሚሞሪ መጫን ነበር። ሰው ከስልኩ ትንሿን ካርድ አውጥቶ ይሰጠኛል፤ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ዘፈኑን፣ መንዙማውን፣ መዝሙሩን እሞላበታለሁ። ካርድም እሸጣለሁ፣ ስልክም እፈታለሁ። ስልክ መፍታት ስላወቅሁ ዓለምን የፈታሁ ይመስለኝ ነበር።

ሰዉን እንቅ ነበር። ደንበኛዬን ሁሉ እንቅ ነበር። ከዓረብ አገር የተመለሰው ጎረምሳ መዳፉን የሚያክል ስልክ ይዞ ይመጣል፤ የሚደውልለት ሰው የለውም፣ ፎቶ ብቻ ይነሳበታል። የወረዳው ሹም ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጫቱን እየቃመ፣ ባለጉዳይ ሲደውልለት «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይላል። አስተማሪው ደመወዝ በወጣ ቁጥር ስልክ ይቀይራል፤ ምን እንደጎደለው ብትጠይቁት አያውቀውም። ደግሞ ያ በመልእክት የሚመጣ ጣጣ አለ፤ «እሺ» ብሎ የመለሰ ሁሉ ሳያውቅ ደንበኛ ሆኖ በየቀኑ ሂሳቡ ይቆረጥበታል። ጤፉን ሸጦ የሞላውን ካርድ ሰው ያላዘዘው ወሬ ይበላበታል። ይሄው ነው እንግዲህ ሥልጣኔ የሚሉት። እኔም ከመሃላቸው ተቀምጬ እስቅ ነበር። ከማን በልጬ ነው የምስቀው? ያን ጊዜ ራሴን ይህን አልጠየቅሁም።

እትዬ ዘሃራ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ በገበያ ቀን የሚመጡ ባልቴት ነበሩ። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ሉባባ የምትባል፤ ሳውዲ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ያቺ ልጅ ድምፅዋን ስልክ ላይ ቀድታ፣ ስልኩን ወደ አገሯ በምትመለስ ጓደኛዋ እጅ ላከችላቸው። የሳቸው ቀበሌ ኔትወርክ የሚባል ነገር አይደርስም፤ ስለዚህ ያን ጊዜ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር። ስልኩ ከደረሰ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ልጅቱ ሞተች። ታማ ነው አሉ፤ ማን ያውቃል? እዚያው ተቀበረች። ሬሳ አልመጣ፣ ልብስ አልመጣ። ለእናትየዋ የቀረው ያ ድምፅ ብቻ ነው።

እሳቸው ስልክ መንካት አይችሉም። በገበያ ቀን ሱቄ መጥተው «እስቲ ሉባባን ክፈትልኝ» ይሉኛል። እከፍትላቸዋለሁ። ልጅቱ ሰላምታ ታበዛለች፣ ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ትጠራለች፣ የበሬውን ጤና ሳይቀር ትጠይቃለች፣ መሃል ላይ ሳቅ ያመልጣታል። «እማዬ፣ ሳትበይ እንዳታድሪ» ብላ ትጨርሳለች። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ሲያበቃ «አላህ ይስጥህ ልጄ» ብለው ይሄዳሉ። እውነቱን ልናገር? ሰልችተውኝ ነበር። ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ እያለ የሞተች ልጅ ሰላምታ ስከፍት መዋሌ ያናድደኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን «ከልጄ ድምፅ ጎን መንዙማ ጫንልኝ» ብለው ስልኩን ትተውልኝ ጨው ሊገዙ ሄዱ። ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቷል። የእኛ ሥራ አንድ ልማድ አለው፤ ካርድ ሲመጣ መጀመሪያ ፎርማት ይደረጋል፣ ማለት ያለው ሁሉ ይጠረጋል፣ ከዚያ አዲሱ ይሞላል። «ቫይረስ አለው» እንላለን። ባለቤቱን አንጠይቅም። የገበሬ ካርድ ላይ ምን ቁም ነገር ይኖራል ብለን ነው። እኔም እንደ ልማዴ ከስልካቸው ካርዱን አውጥቼ ሰካሁት፣ ጠረግሁት፣ መንዙማውን ሞላሁት። የሉባባ ድምፅ እዚያ መኖሩን ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ነኝ ስከፍተው የኖርኩት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ የኔም እንደዚያ ነው።

ተመለሱ። «እስቲ ሉባባን ክፈትልኝ» አሉኝ።

ፈለግሁ። የለም። እጄ ምን እንደሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዉ ያየኛል። «አጥፍቼዋለሁ» ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን አዋቂው ሰይድ፣ መላው የጠፋበት ሁሉ የሚያማክረኝ፣ በሰው ፊት እንዴት ተሳሳትኩ ልበል? አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ።

«እትዬ፣ አገልግሎቱ አልቋል። ድምፅ በየጊዜው ይታደሳል። እርስዎ አላሳደሱም፣ ካምፓኒው ወስዶታል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ለካ የሰው ድምፅም ይታደሳል?» አሉ።

«ይታደሳል» አልኳቸው።

ለምን አያምኑኝ? ሲም ካርዱ ካልተሞላ ይዘጋል፤ ሂሳቡም ሳይደውሉበት ያልቃል። በዚህ ሁሉ መሃል ድምፅ ይታደሳል ቢባል ምን ይገርማል? የተማረውም ያምን ነበር። እኔ ስንቀው በኖርኩት አለማወቅ ሳይሆን እኔን በማመናቸው ነው የተታለሉት።

ከዚያ በኋላ በገበያው ቀን ሁሉ መጡ። እንቁላላቸውን ሸጠው፣ ድምፁን ሊያሳድሱ የሂሳብ ካርድ ይገዛሉ፣ ከኔው ሱቅ። ፍቄ እሞላላቸዋለሁ። «መለሱልን?» ይላሉ። «ገና ነው» እላለሁ። ለማንም አይደውሉበትም። ሂሳቡን የኳስ ወሬ የሚልክ አንድ ቁጥር ይበላዋል፤ እኒያ ባልቴት የፈረንጅ ኳስ ወሬ ደንበኛ ነበሩ፣ ማን እንዳስመዘገባቸው እንጃ። ያን እንኳ አላቆምኩላቸውም። ቢቆም ሂሳቡ ሳይጎድል ይቀመጥና «ሞልቻለሁ እኮ፣ ታዲያ የት አለ?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ከዚህ የባሰም አለ። ደሴ ውስጥ የጠፋ ነገር ከካርድ ላይ የሚያወጣ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። ላዩ ላይ ሌላ ነገር ካልተጫነ ተስፋ አለው ይባላል። ካርዱን መላክ እችል ነበር። መላክ ግን ማመን ነው። እሳቸው እንዳይከፋቸው እያልኩ በመጡ ቁጥር አዲስ መንዙማ ጫንኩበት፤ የተረፈ ካለም ያንኑ እኔው ቀበርኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ውሸት አልቀለለም።

አንድ ክረምት ቀሩ። ዝናቡ ነው አልኩ፤ ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። መስከረም ላይ ጎረቤታቸው ሱቄ መጥቶ «እትዬ ዘሃራ ታመዋል፣ ሰይድን ጥሩልኝ ብለዋል» አለኝ። ነቅተውብኛል አልኩ። መንገዱን ሁሉ የምክደውን ስደረድር ሄድኩ። ሊሞቱ የተቃረቡ ሰው ዘንድ ስሄድ እንኳ የማስበው ውሸት ነበር።

መደቡ ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። አልቀው አጥንት ብቻ ሆነዋል። ስልኩ ትራሳቸው ሥር ነበር። በእኛ አገር ሞት የቀረበበት ሰው የበደለውን ሁሉ አስጠርቶ «አፉ በለኝ» ይላል፤ ይቅር በለኝ ማለት ነው። አፉ ሳይባሉ መሞት ያስፈራል። እጄን ያዙ።

«ሰይድ፣ ልጄ፣ አፉ በለኝ» አሉኝ። «ሥራህን እያስፈታሁ ብዙ አደከምኩህ። ሳትሰለች ችለኸኛል። ድምፅዋም የሄደው በኔው ስንፍና ነው፣ በጊዜው ባሳድሰው ኖሮ…። እሷን ጀነት ካገኘኋት አፉ በይኝ እላታለሁ። አንተን ግን እዚሁ ልጠይቅህ።»

ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። የማፍርበት ደንበኛ የለም፣ ወረፋ የለም። አንድ ቃል ብናገር እኒያ እናት ልጃቸውን እንዳልበደሉ አውቀው ይሞቱ ነበር። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ እያየሁ ነው። እጃቸው እጄ ውስጥ ነው።

እናንተ ይቅር እንድትሉኝ አይደለም የነገርኳችሁ። አትበሉኝ። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ይቅርታ ሲለምኑኝ እኔ ራሴን ነቅንቄ፣ እንደ ትልቅ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አፉ ብያለሁ» አልኳቸው።