ገመዱን የሚይዝ ሦስተኛ ሰው

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ የአንድ ዩኒፎርም ቀሚስ ጠርዝ ትተረትር ነበር። በምላጭ ጫፍ ክሯን ብድግ፣ ቁርጥ፤ ብድግ፣ ቁርጥ። የተቆረጠውን ክር መሬት አትጥለውም፤ ሹራቧ ደረት ላይ ትለጥፈዋለች። የሰፈሩ ልጆች «እማማ መርፌ» ይሏታል።

ሐሳቧ ግን ቀሚሱ ላይ አልነበረም። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጇ ከደረጃ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ፣ ጀሶው ከተፈታ ወዲህ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏል። ሐኪሙ፣ «አጥንቱ ገጥሟል፤ የቀራት መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ዝም ብላ ከተቀመጠች እንደደረቀ ሊቀር ይችላል። ከወር በኋላ አሳዩኝ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ከወሩ ሁለት ሳምንቱ አልቋል።

ልብስ ሰፊዋ ያላደረገችው የለም። በልብስ ጠመኔዋ ግድግዳው ላይ መስመር አስምራ፣ «እዚህ ድረስ እግርሽን አንሺ፣ የኔ እናት» ትላታለች። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ታነሳና «አመመኝ» ብላ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ከረሜላም ተሞከረ። ከረሜላው አለቀ፤ ጉልበቱ ግን እንደ መለኪያ እንጨት ቀጥ እንዳለ ነው።

በመስኮቱ ግቢው ይታያል። እዚያ ሁለት እኩዮቿ ገመድ ይዘላሉ። ሦስተኛ ሰው ስለሌላቸው አንዱን ጫፍ የዝናብ መውረጃው ቧንቧ ላይ ያስሩታል። ቀጮዋ ታዞራለች፤ የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ወላቃ የምንላት ደግሞ ትዘላለች። ጎረቤቴ ከሥራዋ ቀና ስትል ያየችውን አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔም አየሁ። ገመዱ መሬት በነካ ቁጥር የልጅቷ የታመመው እግር ጣቶች ብድግ ይላሉ። ማንም ቁጠሪ ሳይላት ከንፈሯ ይቆጥራል።

ልብስ ሰፊዋ ምላጩን አስቀምጣ ወጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ ቧንቧው ላይ ማሰር የለም» አለች። «ይነቀልና ጣጣ ታመጣላችሁ።»

ያ ቧንቧ በሬ ቢጎትተውም የሚነቀል አልነበረም።

«እማማ፣ እኛ እኮ ሁለት ነን» አለች ቀጮዋ። «ታዲያ ማን ይያዝልን?»

«እኔ ምን አውቄ» ብላ ተመልሳ ገባች።

ሲንሾካሾኩ ቆዩና በሩን አንኳኩ።

«ልጅቷን ስጡን።»

«እግሯ እንደማይታጠፍ ታውቃላችሁ።»

«እጇስ ምን ሆነ?» አለች ወላቃዋ።

ልጅቷ አያቷን ሳታስፈቅድ ተነሳች። የመጀመሪያ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣ አዞረች። «እመቤቲቱ ተቀምጠው ነው የሚያዞሩት» እያሉ ሳቁባት፤ ገመዱም መሬት ለመሬት እየተጎተተ አስቸገረ። በማግስቱ ቆማ አዞረች። በሳምንቱ «አሁን ያንቺ ተራ ነው፤ ወይ ዝለይ ወይ ልቀቂ» ተባለች። ዘለለች፤ ገመዱ ጠለፋትና በእጇ ተደግፋ ወደቀች።

እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። ጎረቤቴ ሁለት ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች የቀሚሴን ጫፍ ጎትታ መልሳ አስቀመጠችኝ። የእሷም እግር ግን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ወርዶ ነበር።

«ተነሺ፣ አታካብጂ» ስትል ወላቃዋን ሰማናት። «እኔ ጥርሴ ወልቆ እዘል የለ?»

ሳቁ፤ ከዚያ ገመዱ እንደገና መሬቱን መታ።

«አየሽ» አለችኝ ስፒሎቹን አውጥታ፣ «ለብቻዬ ብሆን አቅፌ አስገባት ነበር።»

እኔ ግን ያለ እሷ ሮጬ እወጣ እንደነበር አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት በብዙ እናቶች ላይ አላየሁም።

በቀጠሮው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዚፕ ልትገዛ ስትወጣ አብሬያት ወጣሁ። አንድ ሹፌር ጃኬቱን በማግስቱ ጠዋት ይፈልገዋል፤ ሱቁ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ግቢው መሃል ስንደርስ ቀጮዋን እናቷ ጠርታት ገመዱ ያዥ አጥቷል።

«እማማ መርፌ፣ እስክትመለስ ያዙልን» አለች ወላቃዋ።

ጎረቤቴ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጥታ ያዘች። የልጅ ልጇ ገባች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጉልበቷ በየዝላዩ እጥፍ፣ ዘርጋ ይላል። ሰባት ላይ ተሰናከለችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ሱቁ ሊዘጋ ነው» አልኳት ቀስ ብዬ።

«እስቲ ሃያ ትሙላ።»

ሃያ ሞላች፤ አላቆመችም። ከመንገዱ ማዶ የሱቁ ላሜራ በር ሲወርድ ሰማን። ጎረቤቴ ገመዱን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችና ማዞሯን ቀጠለች።