ሶኬቱን የሚጠብቁት አጎቴ

አጎቴ ካረፉ አርባቸው ወጣ።

ልጄ የጠፈር ቴሌስኮፕ የላከውን የከዋክብት መረጃ ባትሪው በሞተ፣ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው በሚጠፋ ላፕቶፕ ታጠናለች። እኛ ጋ ሱሉልታ ደግሞ መብረቅ አይቀልድም። አምና ፈርቼ ሶኬቱን ነቀልኩባት፤ የሁለት ቀን ሥራዋ ጠፍቶ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር አጎቴ በርጩማቸውን ሶኬቱ አጠገብ አድርገው ይቀመጡ ነበር።

«አንቺ ፈሪ፣ መጀመሪያ እኔን ንቀይ!» ይሉኛል እየሳቁ። እሳቸውን ሳይ ልቤ ይመለስ ነበር።

ትናንት ከሰዓት መብረቁ ሲመጣ ቦታው ባዶ ነው። እጄ ወደ ሶኬቱ ሄደ። ልጄ አየችኝ።

«እማ፣ ከፈራሽ ንቀይው፤ እንደገና እጀምራለሁ» አለች። የድምፅዋ መዛል አንጀቴን በላው።

«ተይው፣ ሥሪ» አልኳትና ጋቢ ተከናንቤ አልጋ ውስጥ ገባሁ።

ነፍስዎን ይማር አጎቴ፤ እስኪያባራ ተንቀጠቀጥኩ እንጂ አልነቀልኩም።